በቤታችን ምን አዩ?

የቆየ ወዳጅ ከአገር ቤት ሊጎበኘን ሲመጣ ቤታችን ምን እንደሚመስል በውጭ አገር የምትኖሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ። መጋረጃው ይታጠባል፤ እግሩ የተነቃነቀው ወንበር ወደ ጓዳ ይገባል፤ ከሥራ የሳምንት ፈቃድ ይለመናል። በጃፓን ለምንኖረው ለእኛ ለባልና ሚስት ደግሞ አንድ ሥራ ይጨመርብናል፤ እርሱም መርሐ ግብር ማውጣት ነው። አንድ ቀን አሳኩሳ፣ አንድ ቀን ሺቡያ፣ ደመና ካልሸፈነው የፉጂ ተራራ፣ በመጨረሻም ገበያ። እንግዳው እንዳይደክም፣ እንዳይሰለች፣ ከሁሉም በላይ ግን “እንዴት ያለ አገር ነው!” እያለ እንዲመለስ እንደክማለን።

በእነዚህ ዓመታት ወጣትነታችንን የሚያውቁ ወዳጆችን ሁለት ጊዜ ተቀብለናል። ሁለቱንም ጊዜ ያስጎበኘነው ያንኑ ከተማ ነው፤ ያሳየነው ነገር ግን አንድ አልነበረም። ዛሬ የምንጽፈው በመጀመሪያው ጊዜ ስላጠፋነው ጥፋትና በሁለተኛው ስለተማርነው ትምህርት ነው። ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ለቆየ ወዳጅ ያለብን ዕዳ ከተማውን በማሳየት ብቻ አይከፈልም፤ ራሳችንንም ልናሳየው ይገባል። ይህን የማያደርግ መስተንግዶ፣ ወጪው ምንም ያህል ቢበዛ፣ እንግዳውንም ባለቤቱንም ይጎዳል።

ያሳየነውና የደበቅነው

የመጀመሪያው እንግዳችን በሥነ መለኮት ኮሌጅ ዘመናችን ከአንድ ሳህን አብረን የበላን፣ በሠርጋችንም ከሚዜዎቹ አንዱ የነበረ ወንድም ነው። ዛሬ በደቡብ ኢትዮጵያ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ በሻንጣ ሞልቶ መጣ። ቋንጣም ሊጨምር ፈልጎ ነበር፤ የጃፓን ጉምሩክ የሥጋ ነገር አያሳልፍም ብለን ስንነግረው ከልቡ አዘነ።

ብዙ አሳየነው። ትልቁ ቀይ ፋኖስ የተንጠለጠለበትን የሰንሶጂ ቤተ መቅደስ በር አየ፤ በዚያ ዕጣን ለሚያጥኑት ሰዎችም ዳር ቆመን አብረን ጸለይን። ሺቡያ ላይ መብራቱ ሲበራ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብ ሳይጋጭ መንገዱን ሲሻገር አይቶ አፉን ያዘ። እዚያው ጣቢያ አጠገብ የቆመውን የሐቺኮን ሐውልት አሳየነው። ጌታው እ.ኤ.አ. በ1925 ከሞተ በኋላ ይህ ውሻ ራሱ እስከሞተበት እስከ 1935 ድረስ ወደ ጣቢያው እየሄደ ይጠብቀው ነበር። ቁመቱ 634 ሜትር የሆነውን ስካይትሪ የተባለውን ማማ ቀና ብሎ አይቶ አንገቱን አመመው። አንድ ቀን ቦርሳውን ከነገንዘቡ ባቡር ውስጥ ረሳው፤ በማግሥቱ ሄደን ስንጠይቅ ሳንቲም ሳይጎድል ተረከብነው። ወዳጃችን ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን የሚያወራው ስለዚያች ቦርሳ ብቻ ነበር።

ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሲመጣ የማንተወው አንድ ቦታ ደግሞ አለ። ቾፉ በምትባለው ከተማ በአውራ ጎዳናው ዳር አንድ ድንጋይ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1964 በተደረገው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የማራቶን ሯጮች ዞረው ወደ ስታዲየሙ የተመለሱበትን ቦታ የሚያመለክት ነው። ጥቅምት 21 ቀን አበበ ቢቂላ በዚያ መንገድ ብቻውን መርቶ ተመልሷል። የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ካደረገ ገና ከአንድ ወር እምብዛም ባላለፈ ጊዜ ውድድሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሌሎቹ ገና በመንገድ ሳሉም እርሱ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ወዳጃችን ድንጋዩን ተደግፎ ፎቶ ተነሣ፤ እኛም ደረታችን ተነፋ።

ያላሳየነው እሑድን ነው። ትኬት ሲቆርጥ “ሰኞ ገብተህ ቅዳሜ ብትመለስ ይረክሳል” ያልነው እኛ ነን። እውነት ነው፣ ይረክስ ነበር። እውነተኛው ምክንያታችን ግን ሌላ ነው። ወደ አገር ቤት በምንልካቸው ደብዳቤዎች “ሥራው እየሰፋ ነው” እያልን ስንጽፍ ቆይተናል፤ ጉባኤያችን ግን ዘጠኝ ሰው ነው። የምንሰበሰበው በከተማው የሕዝብ አዳራሽ፣ በሰዓት በምንከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሩን የምንዘረጋው እኛ፣ አጥፈን የምንመልሰውም እኛ ነን። ኑሯችንም በአገልግሎት አይደጎምም፤ አንዳችን የታሸገ ምሳ በሚያዘጋጅ ፋብሪካ በሌሊት ፈረቃ፣ ሌላችን የሆስፒታል አንሶላ በሚያጥብ ላውንደሪ እንሠራለን። በዚያ ሳምንት ፈቃድ ወስደን ስለነበር ወዳጃችን ይህን አላየም። “አገልግሎት እንዴት ነው?” ሲለን “ጌታ ይመስገን!” አልነው። በእኛ በአማኞች ዘንድ ይህ ቃል ስንት ጊዜ በር መዝጊያ እንደሆነ ጌታ ያውቃል።

ወዳጃችን ተመልሶ ያየውን በጉባኤ ፊት አወራ፤ ፎቶዎቹንም በፕሮጀክተር አሳየ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የክረምት ምሽት፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ በራችን ተንኳኳ። የመጣው ከዚያው ጉባኤ የወጣ ወጣት ነበር። በቋንቋ ትምህርት ቤት ተማሪነት ቪዛ አግኝቶ ገብቷል። ለክፍያው አባቱ በሬዎቹን ሸጦ፣ የቀረውን ከዘመድ ተበድሮለታል። ተማሪ በሳምንት ከ28 ሰዓት በላይ እንዲሠራ ሕጉ እንደማይፈቅድለት፣ በ28 ሰዓት ደመወዝ ደግሞ ክፍያውንም፣ ኪራዩንም፣ ዕዳውንም መቻል እንደማይሆንለት የገባው እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። ሻይ አፍልተን ሰጠነው። ቤታችንን ዙሪያውን አይቶ፣ አንዳችን የፋብሪካ ልብስ ለብሰን ለሌሊት ሥራ ስንነሣ ተመልክቶ፣ ቀስ ብሎ “ጋሼ፣ እትዬ፣ ፎቶው ላይ እኮ እንዲህ አልነበረም” አለን።

አልወቀሰንም። እኛ ግን ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ አጣን። ከፎቶዎቹ አንድም ሐሰት አልነበረም፤ ቦርሳዋም በእውነት ተመልሳለች። ሐሰት የሆነው ከውጭ የተውነው ነው።

የሕዝቅያስ ግምጃ ቤት

በኢሳይያስ 39 ንጉሥ ሕዝቅያስ እንግዶች መጡበት። የባቢሎን ንጉሥ መሮዳክ ባልዳን ሕዝቅያስ ታምሞ እንደተፈወሰ ሰምቶ መልእክተኞችን ከእጅ መንሻ ጋር ላከ። ሕዝቅያስም ደስ ብሎት ብሩንና ወርቁን፣ ቅመሙንና የከበረውን ዘይት፣ የጦር ዕቃ ቤቱንም አሳያቸው። በቤቱም ሆነ በግዛቱ ያላሳያቸው ነገር እንዳልነበረ ክፍሉ ይናገራል። ኢሳይያስም መጥቶ በቤቱ ምን እንዳዩ ጠየቀው (ኢሳ. 39፥4)።

ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ ትዕቢት ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ብንመለስ የባሰ ነገር እናያለን። ሕዝቅያስ ለሞት ታምሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸልዮ ነበር፤ እጅግም አልቅሶ ነበር። እግዚአብሔር ዕንባውን አይቶ ዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረለት፤ የበለስ ጥፍጥፍም በቁስሉ ላይ ተደረገለት። እንግዶቹ የመጡት እኮ ይህን ሰምተው ነው! በዜና መዋዕል እንደተጻፈውም በምድሩ ስለ ተደረገው ተአምር ሊጠይቁ መጥተዋል፤ እግዚአብሔርም በልቡ ያለው ይታወቅ ዘንድ ሊፈትነው ተወው (2ዜና 32፥31)። ሊነግራቸው የሚገባው ነገር በእጁ ነበር። ንጉሡ ወርቁን እንዳሳያቸው እናነባለን፤ ያለቀሰበትን ግድግዳ እንዳሳያቸው ግን አናነብም።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። የኛ ያልሆነውን የቶኪዮን ወርቅ አሳየን፤ የኛ የሆነውን ግድግዳ ሸፈንን። ግድግዳውን የሸፈነ ሰው ደግሞ በዚያ ግድግዳ ሥር የሰማውን አምላክ አብሮ ይሸፍናል። ዘጠኝ ሰው ይዘን እግዚአብሔር እንዴት እንዳቆመን፣ ከሌሊት ፈረቃ መልስ ቃሉን ስናነብ እንዴት እንዳጽናናን ወዳጃችን አንድም አልሰማም። ድካማችንን ስንደብቅ ምስክርነታችንም አብሮ ተደበቀ።

ስልክ ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። በኋላ “እኔም እኮ አልጠየቅኋችሁም፤ መጠየቅ ፈርቼ ነበር” አለን። ጥፋቱን ሊያካፍለን የፈለገ ወዳጅ ነው፤ እኛ ግን ትልቁ ድርሻ የኛ እንደሆነ እናውቃለን።

ሙሴ ለዮቶር የነገረው

መጽሐፍ ቅዱስ ሌላም የእንግዳ አቀባበል ያሳየናል። በዘጸአት 18 ዮቶር ወደ ምድረ በዳ መጣ። ሙሴ ሊቀበለው ወጣ፤ ሰገደለት፤ ሳመው፤ ደኅንነት ተጠያይቀው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ከዚያም እግዚአብሔር በፈርዖን ላይ ያደረገውን፣ በመንገድም ያገኛቸውን ድካም፣ እግዚአብሔርም እንዴት እንዳዳናቸው ነገረው (ዘጸ. 18፥8)። ድካሙና ማዳኑ በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ። ዮቶርም ደስ አለው፤ እግዚአብሔርን ባረከ፤ አብረው እንጀራ በሉ። በማግሥቱ ደግሞ ሙሴ ሥራውን አልዘጋም። እንግዳው ፊት ከጠዋት እስከ ማታ ሲፈርድ ዋለ። ዮቶርም አየ፤ ጠየቀ፤ ይህ አካሄድ እንደሚያደክመው ነግሮ መከረው። ሙሴ ያንን ቀን ለጉብኝት አውሎት ቢሆን ምክሩ ከየት ይመጣ ነበር?

ባለፈው ዓመት ሌሎች የቆዩ ወዳጆቻችን፣ ባልና ሚስት፣ እንደሚመጡ ሲነግሩን ይህን ክፍል አብረን አነበብን። ከዚያ ጻፍንላቸው፦ “እሑድን እንድታዩ ሆናችሁ ኑ። ዘጠኝ ነን። አንዳችንም ማታ ማታ ሥራ እንሄዳለን።” ያንን መልእክት ለመላክ ምን ያህል እንደከበደን ብንናገር ታፍሩልን ይሆናል።

ከተማውን አሳየናቸው፤ ማሳየት ኃጢአት አይደለምና። ፉጂ ግን ሳምንቱን ሙሉ ደመና ለብሶ ሰነበተ። ቾፉ ስንደርስ የአበበን ታሪክ ከነገርናቸው በኋላ ከዚህ በፊት ለማንም ያልነገርነውን ጨመርን። በዚያው ውድድር ኮኪቺ ጹቡራያ የተባለ ጃፓናዊ ሁለተኛ ሆኖ ወደ ስታዲየሙ ገባ፤ በመጨረሻው ዙር በሕዝቡ ፊት አንድ እንግሊዛዊ ቀደመውና ሦስተኛ ወጣ። ነሐስ ለአገሩ ትልቅ ክብር ነበር። እርሱ ግን የሚቀጥለውን ኦሎምፒክ ሸክም ተሸክሞ፣ ጉዳት እያሠቃየው ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1968 በ27 ዓመቱ የገዛ ሕይወቱን አጠፋ። ለቤተሰቡ በተወው ደብዳቤ ስላበሉት ምግብ አንድ በአንድ አመስግኗቸው እጅግ እንደደከመው ገልጿል። ሜዳልያውን ሁሉ አይቶታል፤ ድካሙን ስንቱ እንዳየለት እንጃ። ድንጋዩ አጠገብ ዝም ብለን ቆምን። ፎቶ ያነሣ አልነበረም።

እሑድ ወንበሩን አብረውን ዘረጉ። ሁለት ጃፓናውያን እናቶች፣ በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ከነቤተሰቧ፣ ያ ወጣታችን፣ እኛ። በጃፓን ክርስቲያኖች ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ናቸው፤ በእንዲህ ያለ አገር ዘጠኝ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ወዳጆቻችን የገባቸው ከእናቶቹ አንዷ ስትጸልይ ነው። ቋንቋዋን ባያውቁም አለቀሱ።

ማታ ስለ ናጋሳኪ አወራናቸው፤ ወጪው ከብዶን ልንወስዳቸው አልቻልንም። ክርስትና በመላ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1614 ተከልክሎ ምእመናን 250 ዓመት ያህል በስውር ኖሩ። መጋቢት 17 ቀን 1865 ከኡራካሚ መንደር ጥቂት ሰዎች አዲስ ወደተሠራው የኦውራ ቤተ ክርስቲያን መጥተው ለፈረንሳዊው ካህን ለፐቲዣን እምነታቸውን ገለጡለት። ልጅ ከአባት እየተቀበለ የደበቀውን ለአንድ እንግዳ ሰው አወጡት። ዋጋም አስከፈላቸው፤ ከ3,000 የሚበልጡ የመንደሩ ሰዎች በግዞት ተበተኑ፤ የተመለሱት እገዳው በ1873 ሲነሣ ነው። በሥርዓት ከእነርሱ ብንለይም ይህ ታሪክ ያሳፍረናል። እነርሱ ሕይወታቸውን ለሚያሳጣ ነገር አፋቸውን ከከፈቱ፣ እኛ ስማችንን ብቻ ለሚነካ ነገር ምን ዘጋን?

ከዚያ በኋላ ወዳጃችን ልክ እንደ ዮቶር ጠየቀን፦ “ለመሆኑ ለእናንተ የሚጸልይላችሁ ማን ነው?” መልስ አልነበረንም። “እየሰፋ ነው” ለሚል ሰው ማን ይጸልይለታል? ጥቂት ቆይቶ የእርሱ ባለቤት ልቅሶ ያዛት። የበኩር ልጃቸው ቤተ ክርስቲያን ከረገጠ አራት ዓመት ሆኖታል፤ ለጉባኤያቸው ሽማግሌዎች እንኳ አልነገሩም። ቶኪዮ ድረስ የመጡት ለጉብኝት ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባን። እኛ በራችንን ዘግተን ቢሆን ኖሮ የእነርሱም ተዘግቶ ይመለስ ነበር። ተቃቅፈን ጸለይን። ከሁለታችን አንዳችን በዚያ ሌሊት ፋብሪካ ዘግይቶ ገባ፤ ተቀጣም።

ገመናችንስ?

“እንግዳ ፊት ችግር አይወራም፤ ገመና አይገለጥም” የሚለን ይኖራል። ሸክምን ለደከመ መንገደኛ ማራገፍ በእርግጥ ደግ ነገር አይደለም። የልጆቻችንን፣ የጉባኤያችንን፣ በምስጢር ያማከረንን ሰው ነገር ለእንግዳ ማውራትም ኃጢአት ነው። ያ ወጣት እንኳ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ከፈቀደልን በኋላ ነው የምናወጣው። ነገር ግን ገመና መሸፈን አንድ ነገር ነው፤ የሌለንን ኑሮ ማሳየት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ይጠብቃል። ሁለተኛው ሌላውን ሰው በሬ ያሸጣል።

ስለዚህ በውጭ ለምንኖር እንዲህ እንላለን፦ ማማውንም፣ ድልድዩንም፣ ባሕሩንም አሳዩ፤ ነገር ግን ከሳምንቱ አንድ ቀን የዘወትር ኑሯችሁ ይሁን። የምትሠሩበትን ሰዓት፣ የምትሰበሰቡበትን ክፍል ያዩ። ልጆቻቸውን ሊልኩ የሚያስቡ ካሉ የኪራዩን ዋጋና የሕጉን ገደብ ንገሯቸው።

ለእንግዶችም እንላለን፦ “እንዴት ናችሁ?” ብላችሁ “ጌታ ይመስገን” ሲሏችሁ አትለፉ፤ በማግሥቱ ደግማችሁ ጠይቁ። ሄኔሲፎሩ በሮም ጳውሎስን ተግቶ ፈልጎ ያገኘው ሐውልቱን ሊጎበኝ አይደለም፤ በሰንሰለቱም አላፈረበትም (2ጢሞ. 1፥16-17)። እንዲህ ያለ ጎብኚ ለደከመ አገልጋይ መድኃኒት ነው።

በአገር ቤት ላላችሁ ጉባኤዎችም፦ ከውጭ ሪፖርት ስትጠብቁ ቁጥር ብቻ አትጠይቁን። ቁጥር ብቻ ሲጠየቅ፣ ያፈረ ሰው ደብዳቤው ላይ ይዋሻል። እኛ ዋሽተናል።

ዛሬም ዐሥራ አንድ ነን። የወጣቱ ዕዳ ገና አላለቀም፤ በየወሩ ይከፍላል፤ እሑድ ወንበር የሚያነሣው እርሱ ነው። የወዳጆቻችንም ልጅ አልተመለሰም። እነርሱ ሐሙስ ሐሙስ ይደውላሉ፤ ስለ እርሱ እንጸልያለን፤ ስለ እኛ ይጸልያሉ።

ወገኖቻችን፣ በቅርቡ እንግዳ የምትጠብቁ ካላችሁ የነቢዩን ጥያቄ ሻንጣቸው ከመድረሱ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ተመልሰው ሲሄዱ በቤታችን ምን አይተው ይሄዳሉ? ግምጃ ቤቱን ብቻ ወይስ ያለቀስንበትን ግድግዳ፣ በዚያም የሰማንን አምላክ?

ጌታ እውነተኛ ወዳጆች ያድርገን። አሜን።